የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን ምን ያስፈልጋል? በተራ በተራ

አብራሪ ለመሆን የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚያፈላልገው ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ መሄድ ያለበት ግን ሐኪም ዘንድ ነው።

አብሮኝ የተመዘገበ አንድ ልጅ ነበር። ሒሳቡም፣ እጁም፣ ጠባዩም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስል። የሥልጠናውን ክፍያ እኩሌታ ከፍሎ፣ ሦስት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ካጠና በኋላ ነው ለምርመራ የተላከው። ሐኪሙ በባለቀለም ነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገለጠለት። እኛ ቁጥር ያነበብንበት ገጽ ላይ እሱ ነጠብጣብ ብቻ አየ። ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ እንደማይለይ እስከዚያች ቀን ድረስ አያውቅም ነበር። «አስቀድመህ ተመርመር» ያለው ሰው አልነበረም፤ የከፈለውም ገንዘብ አልተመለሰለትም። ይህን ስጽፍ እሱ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተጻፈበት ተራ አድርጉት። የብዙ ልጆች ገንዘብና ዕድሜ ሲባክን ያየሁት ነገሩን ያለ ተራው በመጀመራቸው ነው።

1. ተመርመሩ

ለአየር መንገድ አብራሪ የሚጠየቀው የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት ነው። ይህን ማንኛውም ሐኪም አይሰጠውም፤ ፈቃዳችሁን በምታወጡበት አገር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እውቅና የሰጠው የአቪዬሽን ሐኪም መሆን አለበት። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ የደም ግፊት፣ ሽንት፣ ሳንባ፣ የነርቭና የአእምሮ ጤና ይታያል። ያለፈ ሕመምና ቀዶ ጥገናም ይጠየቃል።

መነጽር ማድረግ አያስቀርም። ይህን ሳያውቁ ሕልማቸውን ገና በልጅነታቸው የተዉ ብዙ ናቸው። ኢካኦ የሚባለው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሚጠይቀው እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። 6/9 ማለት ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያነበውን ፊደል እናንተ ከ6 ሜትር ማንበብ ቻላችሁ ማለት ነው። በመነጽር ያለፈ ሰው ሲበር ትርፍ መነጽር አጠገቡ መያዝ ይጠበቅበታል። በነጠብጣቡ መጽሐፍ የወደቀም ወዲያው ተስፋ አይቁረጥ፤ በብዙ አገሮች የመብራት ቀለም የመለየት ሁለተኛ ፈተና አለ። ያም ካልተሳካ ማወቅ የሚሻለው ገንዘቡ ኪስ ውስጥ እያለ ነው።

ሕመም አትደብቁ። የልጅነት አስም፣ አንድ ቀን ራስን ስቶ መውደቅ፣ ለጭንቀት የተወሰደ መድኃኒት፣ ሁሉም ከነሰነዱ ሲቀርብ ሐኪሙ የሚያመዛዝነው ነገር ነው። ተደብቆ ከዓመታት በኋላ ሲገኝ ግን ፈቃዱን ይዞት ይሄዳል።

ወረቀቱ በአብዛኛው የሚያገለግለው 12 ወር ነው። ከ60 ዓመት በኋላ በየ6 ወሩ ይታደሳል፤ በአሜሪካ ደግሞ በየ6 ወሩ መታደስ የሚጀምረው ከ40 ዓመት ነው። ዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ ሁለት አብራሪ ባለበት ኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ውስጥ እስከ 65 ዓመት መሥራት ይቻላል። ዘግይታችሁ የምትጀምሩ ከሆነ ከዕድሜያችሁ እስከ 65 ያለውን ቁጠሩና ወጪው ያዋጣ እንደሆነ በእርጋታ አስቡ።

2. እንግሊዝኛውንና የቃል ሒሳቡን ከወዲሁ አሰናዱ

«ሒሳብ የግድ ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብና ፊዚክስ የበለጠ አያስፈልግም፤ ነገር ግን በቃል፣ በፍጥነት፣ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ማስላት መቻል አለባችሁ። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 35,000 ጫማ ላይ ናችሁ፤ የምታርፉበት ቦታ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። መውረድ የምትጀምሩት መቼ ነው? ሦስቱን ዜሮ ጣሉና 35ን በ3 አባዙ፤ 105 ኖቲካል ማይል ሲቀራችሁ። ለማረፍ ስትቃረቡ የመሬት ላይ ፍጥነታችሁ 140 ኖት (በሰዓት 140 ኖቲካል ማይል) ከሆነ በደቂቃ ስንት ጫማ መውረድ አለባችሁ? በ5 አባዙት፤ 700። አቅጣጫችሁ በ1 ዲግሪ ቢዛነፍ ከ60 ማይል በኋላ ከመስመራችሁ 1 ማይል ርቃችኋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ አስልቶ ያሳያችኋል። እናንተ የምታሰሉት ኮምፒውተሩ ሲሳሳት ለማወቅ ነው፤ የሚሳሳተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ስለሚያስገባበት ነው። መንገድ ስትሄዱ፣ ወረፋ ስትጠብቁ ቁጥሩን እየቀያየራችሁ ተለማመዱት።

የእንግሊዝኛ ችሎታን ኢካኦ በ6 ደረጃ ይከፍለዋል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ዝቅተኛው 4 ነው። ደረጃ 4 በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 በየ6 ዓመቱ እንደገና ይፈተናል፤ ደረጃ 6 ያገኘ ዳግመኛ አይፈተንም። ፈተናው የሰዋስው እውቀትን ከመለካት ይልቅ የሚያየው በሬዲዮ ጩኸት ውስጥ የማታውቁትን አነጋገር ሰምታችሁ ትገባባላችሁ ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ የተለያየ አገር ሰዎች ሲናገሩ አዳምጡ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት የሆላንዱ ኬኤልኤምና የአሜሪካው ፓን አም አየር መንገዶች ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጩ፤ 583 ሰው ሞተ። በጭጋጉ ውስጥ የኬኤልኤሙ ዋና አብራሪ የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ረዳቱ በሬዲዮ የተናገረው ቃል «ለመነሳት ቦታችንን ይዘናል» ተብሎም «እየተነሳን ነው» ተብሎም ሊሰማ የሚችል ነበር፤ ተቆጣጣሪው የተረዳው እንደ መጀመሪያው ነው። ፓን አሙ ገና ከማኮብኮቢያው አልወጣም። ዛሬ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል በሬዲዮ የሚነገረው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» ይባላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተነገራችሁን መልሳችሁ ድገሙ፤ ካልገባችሁም «ድገሙልኝ» ከማለት አትፈሩ።

3. አንድ ቀን ብረሩ

ለሙሉ ሥልጠና ከመፈረማችሁ በፊት ለአንድ የሙከራ በረራ ብቻ ክፈሉና ከአሠልጣኝ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ውጡ። አንዳንዱ ሰው የሚወደው ስለ በረራ ማሰብን እንጂ መብረሩን እንዳልሆነ የሚያውቀው እዚያ ላይ ነው። ማቅለሽለሽ አያስደንግጣችሁ፤ በብዙ ሰው ላይ ከጥቂት በረራ በኋላ ይተዋል።

4. መንገዳችሁን ምረጡ

አንዱ መንገድ በአንድ ትምህርት ቤት ከዜሮ ጀምሮ ሳያቋርጡ እስከ ንግድ አብራሪነት ፈቃድ መማር ነው። ሌላው ሥራ እየሠሩ ደረጃ በደረጃ፣ ገንዘብ ሲገኝ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ሦስተኛው አየር መንገዱ ራሱ መልምሎ የሚያሠለጥንበት ነው፤ ካገኛችሁት ከሁሉ ይሻላል፣ ነገር ግን ውሉን አንብቡ፤ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለው? ብታቋርጡ ምን ትከፍላላችሁ? በአየር ኃይል በኩል የሚመጡም አሉ። ኢካኦ እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው ኤምፒኤል የሚባል ፈቃድም አለ፤ ሲሙሌተርን (መሬት ላይ ሆኖ በረራን የሚያስመስለውን መለማመጃ) ጨምሮ ቢያንስ 240 ሰዓት የሚጠይቅና ተማሪውን በቀጥታ ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት የሚያዘጋጅ ነው። ያንን የሚያሠለጥናችሁ ትምህርት ቤት ከአንድ አየር መንገድ ጋር ያልተሳሰረ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ያ ፈቃድ ለብቻው ሌላ የበረራ ሥራ አያስገባም።

ትምህርት ቤት ስትጎበኙ ከሚያሳዩአችሁ ብሮሹር ይልቅ የአውሮፕላን ማቆሚያውን እዩ። ዛሬ የሚበር ስንት አውሮፕላን አለ? ስንቱ ጥገና ላይ ነው? ለአንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ባለፈው ዓመት የጀመሩት አሁን የት ደርሰዋል? ይህን ደግሞ ተማሪዎቹን ለብቻቸው ጠይቋቸው። የምታገኙት ፈቃድ የየትኛው አገር እንደሆነና ልትሠሩበት በምታስቡት አገር ለማስለወጥ ምን እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ተቀበሉ። ክፍያውን በየደረጃው ክፈሉ። «አንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» ቢሏችሁም አትክፈሉ፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ይችላል።

5. ፈቃዶቹና ሰዓቶቹ

በኢካኦ ዝቅተኛ መለኪያ የግል አብራሪነት ፈቃድ 17 ዓመት ዕድሜና 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ተቀባይነት ባለው ኮርስ ከሆነ 35። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ 18 ዓመትና 200 ሰዓት፣ በኮርስ ከሆነ 150። የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት። በመካከሉ በመሣሪያ ብቻ የመብረርና የባለብዙ ሞተር አውሮፕላን ብቃት ይጨመራል። አገሮች ከዚህ ሊያጠብቁ ይችላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ከሞተበት አደጋ በኋላ በወጣው ሕግ ረዳት አብራሪም የአየር መንገድ ፈቃድ እንዲኖረው ተደረገ፤ ይህም በመደበኛው 23 ዓመትና 1,500 ሰዓት ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን በንግድ ፈቃድ፣ በ200 ሰዓት አካባቢ ረዳት አብራሪ ሆኖ መጀመር ይቻላል።

ከሰዓቱ ጎን ለጎን የክፍል ትምህርቱ አለ። በአውሮፓ 13 ፈተና ነው፣ ማለፊያው 75 በመቶ፤ አየር ጠባይ፣ የበረራ ሕግ፣ ሞተርና ሥርዓቶች፣ የክብደት ስሌት፣ አሰሳ፣ የሰው ልጅ ብቃትና ወሰን፣ ሌላም። የጥያቄ ባንክ ብቻ ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ አውቃለሁ። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ «በረዶ ክንፍ ላይ ሲይዝ ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሸምዳጁ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል።

ለብቻ የምትበሩባት የመጀመሪያ ቀን ሳታስቡት ትመጣለች። አሠልጣኙ ሞተሩ እየሠራ ይወርዳል፤ የለቀቀውን ወንበር ቀበቶ መልሶ ያስረዋል፣ ልቅ ከሆነ መሪው ላይ ሊጠላለፍ ስለሚችል። አንድ ሰው የጎደላት ትንሽ አውሮፕላን ከለመዳችሁት ቀድማ ከመሬት ትለቃለች፣ ከፍታም ቶሎ ትይዛለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በዚያች ቅጽበት እንዳትደናገጡ ነው።

ከሥልጠናው ሁሉ የአብራሪውን ጭንቅላት የሚቀይረው የመሣሪያ በረራው ነው። ደመና ውስጥ የውስጥ ጆሮ ይዋሻል። ረጅም መታጠፍ ላይ ቆይታችሁ ክንፉን ቀጥ ስታደርጉ ሰውነታችሁ ወደ ሌላው ጎን እየተጣመማችሁ እንደሆነ ይምልላችኋል። መልሳችሁ እንድታጋድሉት እጃችሁን ይጎትተዋል። መፍትሔው ራስን ሳያንቀሳቅሱ መሣሪያዎቹን በተራ ማየትና እነሱን ማመን ነው። የገዛ ስሜትን አለማመን በልምምድ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሰዓት አትሰስቱ።

እስከ መቀጠር ያለውን ሰዓት ብዙዎች የሚሞሉት በማሠልጠን ነው፤ ሌሎች በአነስተኛ የኪራይ በረራ፣ በአየር ላይ ፎቶ ወይም በእርሻ መድኃኒት ርጭት ይሞሉታል። ማሠልጠኑን እመርጥላችኋለሁ። የተማሪን ስህተት አስቀድሞ ማየት የለመደ ሰው የራሱንም ያያል። የበረራ መዝገባችሁ ላይ ያልበረራችሁትን አንዲት ሰዓት እንኳ አትጻፉ።

6. ሁለት ሆኖ መሥራትን ተማሩ

አየር መንገድ ኮክፒት ውስጥ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይከታተላል። የሚከታተለው ሬዲዮ ይዞ፣ ቼክሊስት አንብቦ፣ ፍጥነትና ከፍታ አይቶ ስህተት ሲያገኝ መናገር አለበት። በቴኔሪፌው ኮክፒት ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ፓን አሙ ከማኮብኮቢያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት፣ ጥያቄውም በዚያው ቀረ። ይህና መሰል አደጋዎች ናቸው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ባዘጋጀው ጉባኤ የተጀመረውን የቡድን አሠራር ሥልጠና ያመጡት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካዋ ከተማ ሱ ሲቲ ላይ ታየ። የበረራ መሪ የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ኃይል በሙሉ የጠፋበትን ዲሲ-10 ካፒቴን አል ሄይንስና ባልደረቦቹ፣ ተሳፋሪ ሆኖ የመጣውን አሠልጣኝ አብራሪ ጭምር አስገብተው፣ በሞተር ጉልበት ብቻ እየመሩ ማኮብኮቢያ ላይ አደረሱት፤ ከ296 ሰው 184 ተረፈ።

ታላቅን ማረም ነውር ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ካፒቴን፣ ፍጥነት እየወረደ ነው።» ካልተመለሰ የሚያስፈልገውን በሉ፦ «ጉልበት እንጨምር።» አሁንም ካልሆነና አደጋው ከቀረበ «መሪውን ይዣለሁ» ብላችሁ ያዙ። በዚህ ተራ፣ ድምፅ ሳትጨምሩ።

7. የቅጥር ፈተናው

የማስታወስና የትኩረት ፈተና፣ የቃል ሒሳብ፣ የቡድን ሥራ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም ሲሙሌተር ይኖራል። በቡድን ሥራው ላይ ብዙ ያወራ አይመረጥም፤ ሰዓት የሚያይና ዝም ያለውን የሚጠይቅ ይታያል። በሲሙሌተሩ የማታውቁት አውሮፕላን ላይ ነው የምትቀመጡት፤ መርማሪው ፍጹም በረራ አይጠብቅም። ከፍታው 200 ጫማ ሲያመልጣችሁ ፈጥናችሁ አይታችሁ፣ «እያስተካከልኩ ነው» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ ወይስ በተቆጨ ፊት ፍጥነቱንም ታስመልጣላችሁ? የሚጻፈው ይህ ነው። «ስለ ሠራኸው ስህተት ንገረን» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛ ስህተት ይዛችሁ ግቡ።

8. የአውሮፕላኑ ዓይነት ሥልጠና

ተቀጥራችሁ ኤርባስ ኤ320 ወይም ቦይንግ 737 ተመደባችሁ እንበል። የኮክፒቱን ሥዕል በትክክለኛ መጠኑ አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ፊት ለፊቱ ወንበር አድርጋችሁ የእጃችሁን ቅደም ተከተል ድምፅ እያወጣችሁ አጥኑ። ሲሙሌተር ውስጥ ማብሪያ መፈለግ ውድ ሰዓት ማባከን ነው።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የምትደጋግሙት በመነሳት ላይ ሞተር ሲጠፋ ነው። እየተንደረደራችሁ ነው። «ቪ ዋን» (መንደርደሩን ማቋረጥ የሚቻልበት የመጨረሻ ፍጥነት) ሲባል የካፒቴኑ እጅ ከሞተር ዘንጎቹ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ማቆም የለም። በዚያች ሰከንድ አንዱ ሞተር ይሞታል። አፍንጫው ወደ ሞተው ሞተር ይሸሻል። በሚሠራው ሞተር በኩል ያለውን የእግር መርገጫ ትጫናላችሁ፤ አፍንጫው ቀጥ እስኪል ብቻ፣ ሳትዘሉበት። ፍጥነቱ ሲደርስ በእርጋታ ታነሡታላችሁ። መውጣቱ ሲረጋገጥ «ጎማ አንሳ»። እሳት ቢጮህም፣ ቀይ መብራት ቢበራም፣ 400 ጫማ እስኪደርስ ድረስ ሌላ ምንም አይነካም። የአዲስ ልጅ እጅ ሁልጊዜ ወደ ማጥፊያው ይሮጣል፤ የእኔም ሮጦ ነበር። 400 ጫማ ካለፈ በኋላ የትኛው ሞተር እንደሆነ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ነው ዘንግ የሚነካው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 በታይዋን ዋና ከተማ ታይፔ ላይ ኤቲአር የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ያበር የነበረ የትራንስኤዥያ አየር መንገድ አብራሪ አንድ ሞተር እምቢ ሲለው የዘጋው ደኅነኛውን ነበር፤ 43 ሰው ሞተ።

የአየር ግፊት መጥፋትም እንዲሁ ተራ አለው። 35,000 ጫማ ላይ በትክክል የምታስቡበት ጊዜ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ጭምብል፣ ቀጥሎ ከጓደኛችሁ ጋር መነጋገር፣ ከዚያ መውረድ።

9. ከተቀጠራችሁ በኋላ

ከሲሙሌተሩ በኋላ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር ተሳፋሪ ይዛችሁ ትበራላችሁ፣ በመጨረሻም ትፈተናላችሁ። ፈተናው ግን በዚያ አያበቃም፤ በተለምዶ በየ6 ወሩ ሲሙሌተር ትገባላችሁ። በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ ያልተነሳና ያላረፈ አብራሪም እንደገና ሳይለማመድ ተሳፋሪ አይጭንም። ካፒቴንነት ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ አትቸኩሉበት።

የሚያደክማችሁ በረራው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። በአውሮፓ ሕግ በተከታታይ 28 ቀን ከ100 ሰዓት፣ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ከ900 ሰዓት በላይ መብረር አይቻልም። ሕጉ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚጨፈነውን ዓይን አያየውም፤ ሰውነት በጣም የሚዝለው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከሌሊት በረራ በፊት ከሰዓት በኋላ መተኛትን እንደ ሥራ ቁጠሩት፤ መጋረጃው ይጨልም፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። በአሜሪካ ሕግ ከመጠጥ እስከ በረራ ቢያንስ 8 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ እናንተ ግን ከሥራ ቀን በፊት ጨርሶ ባትቀምሱ ይሻላል።

አንድ ቀን አፍንጫችሁ ተደፍኖ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ሲያለቅስ አድራችሁ የመነሻ ሰዓት ይደርሳል። የተደፈነ አፍንጫ ይዞ መውረድ የጆሮ ታምቡር ሊበሳ ይችላል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ መሳሳቱን ራሱ አያውቀውም። ስልክ አንሡና ለተረኛው «ዛሬ ለበረራ ብቁ አይደለሁም» በሉ። በተቻለ መጠን ቀደም ብላችሁ ደውሉ፣ ተጠባባቂው አብራሪ ለመዘጋጀት ጊዜ እንዲያገኝ። ከዚያ ስልኩን ዝጉና ተኙ።